ለእሑድ ቅዳሜ የተጨመቀው ማንጎ

ለማከብርሽና ለምወድሽ እህቴ ለእትዬ አልማዜ፤

«ይቺ ልጅ ምን ዋጣት?» ብለሽ ሳትጠይቂ እንዳልቀረሽ ይታወቀኛል። ሁለት ወር ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልሽ ቀረሁ። ምንም አልዋጠኝም፤ ቅናት ካልሆነ በቀር። እሱን ከመጀመሬ በፊት ግን እንደ ሰው ሰላምታዬን ላድርስ። እንደምን ሰነበትሽ? ወገብሽን ተሻለሽ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ በፍቼ ብርድ እንዴት እያደረጋት ነው? ጋሽ ተክሌን ያ ሳል ለቀቀው? ዳዊስ ማንበብ ለመደ ወይስ አሁንም ሥዕሉን እያየ ከልቡ ይፈጥራል? ጾሙ እንዴት ይዟችኋል? እኔ በጤናዬ ደኅና ነኝ፤ ወባም እስካሁን አልደፈረችኝም።

ስለ ሙቀቱ ፍቼ ላለ ሰው መጻፍ ይከብዳል። ቀሚሴን አጥቤ አንዱን ጫፍ ሳሰጣ ሌላው ጫፍ ደርቆ ይጠብቀኛል። ቢሮ የምንገባው ገና በማለዳ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ሁሉ በሩን ገርበብ አድርጎ ጋደም ይላል፤ ፀሐይዋ ስትበርድ እንመለሳለን። ክልሉ አዲስ ስለሆነ የቢሯችን ታቤላ ቀለም ገና እጅ ላይ ይቀራል፤ ወንበር በተራ ነው የምንቀመጠው። እኔ ግን ደስ ይለኛል። ሌላ ቦታ ብመደብ ሰው የጀመረውን ነበር የምቀጥለው፤ እዚህ በቤት ሳይንስ ሙያ የተመደበ ከእኔ በፊት አልነበረም። ባሮ ዳር ማንጎው እየወደቀ ዛፉ ሥር ይበሰብሳል። የሴቶች ማኅበሩን የጭማቂ አሠራር ላስተምር ብዬ ዕቅድ ባስገባ ኃላፊያችን አንብበውት ሳቁና «እስቲ መጀመሪያ እኛ እንቅመሰው» አሉኝ። ነገሩ ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው።

አቢጋኤልን ታስታውሻታለሽ፤ አዋሳ ኮሌጅ አብራኝ የነበረችው፣ ባለፈው ዓመት ለገና እኛ ቤት መጥታ ከእማዬ ጋር ስትስቅ ያመሸችው። የሥራ ዕጣ ስናወጣ ለሁለታችንም ጋምቤላ ሲደርሰን ሌሎቹ አለቀሱልን፤ እኛ ተቃቅፈን ዘለልን። አንድ ክፍል ተከራየን፤ አንድ አልጋና አንድ አጎበር ገዛን። የትንኝ ቀዳዳ ስንፈልግ እየሳቅን ነበር እንቅልፍ የሚወስደን።

ታዲያ ዘሃራ መጣች። ልክ አይደለም፤ ዘሃራማ ድሮም እዚሁ ነበረች፣ የመጣነው እኛ ነን። ቤተሰቧ የድሬዳዋ ሰዎች ናቸው፤ ገበያው አጠገብ የወንድሟን የሱሌማንን ሱቅ የምትጠብቀው እሷ ናት። አቢጋኤል ሳሙና ልትገዛ ገብታ ሁመር ጠጥታ ወጣች። ሁመር እንደ ባቄላ በቅርፊት የሚያድግ ቡናማ፣ ጎምዛዛ ፍሬ ነው። ዘሃራ ንጋት ላይ ትዘፈዝፈውና በእጇ አሽታ፣ በነጭ ጨርቅ አጥልላ፣ ስኳርና የተቀጠቀጠ ዝንጅብል ታደርግበታለች። ጀሪካኑን በረጠበ ጆንያ ጠቅልላ ነፋስ የሚያገኘው ቅርንጫፍ ላይ ትሰቅለዋለች፤ በረዶ ሳያይ ይቀዘቅዛል። የዕለቱን ለዕለቱ ነው የምትሠራው፤ ለነገ አታሳድርም።

ከዚያ ወዲህ ወሬው ሁሉ ዘሃራ ሆነ። «ዘሃራ እንዲህ አለች»፣ «ዘሃራን ብታያት በሳቅ ትሞቺ ነበር»። እኩለ ቀን ላይ እኔ ቆርቆሮው ሥር ስገላበጥ እሷ ዘሃራ ግቢ ናት። አንድ ቀን ያንቺን የሎሚ ውሃ ሠርቼ ጠበቅኳት። ሁለት ጉንጭ ጠጣችና «ጥሩ ነው፤ ትንሽ ዝንጅብል ቢኖረው» አለችኝ። ዝንጅብል! እትዬ ሙች፣ ልደፋባት ትንሽ ነው የቀረኝ። ይባስ ብሎ ዘሃራ ግቢ ከፋሲካ በኋላ ክፍል እንደሚለቀቅና አቢጋኤል እንደምትገባበት ከሌላ ሰው ሰማሁ። የነገረኝ ኦቻን ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ ጠረጴዛ የምንጋራው ቀልደኛ ባልደረባችን። «ሶሊ፣ አይዞሽ፣ አጎበሩ አሁን ሰፊ ይሆናል» አለኝ እየሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ኃላፊያችን እንቅመሰው ያሉትን ምክንያት አድርጌ ሁሉንም ለእሑድ ጠራሁ። ዘሃራንም ጠራሁ። ካንቺ ምን እደብቃለሁ፣ የጠራኋት እንድትበለጥ ነው። አቢጋኤል የእኔን ጠጥታ የእሷን እንድትረሳ፣ ክፍሉም እንዲቀር።

ቅዳሜ ከሰዓት ማንጎውን ላጥኩ፣ ጨመቅኩ፣ አጠለልኩ። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በረዝኩት፤ ሎሚና ስኳር ጨመርኩ፤ አንቺ እንደምታደርጊው ጨውም በጣቴ ጫፍ ቆነጠርኩበት። ለዚያ ሁሉ ሰው የሚበቃ ዕቃ ስለሌለኝ ከአከራያችን ማሰሮ ተዋስኩ። የጠላ ማሰሮ ነበር፤ እጄ እስኪላጥ አጠብኩት። አንቺ ቅዳሜ ሠርተሽ እሑድ ስታቀርቢው ጭራሽ በርዶ፣ ጣፍጦ ነበር የሚገኘው። ጋምቤላ መሆኔን ረሳሁት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ እንግዶቹ ተቀምጠው ክዳኑን ስከፍት ላዩ አረፋ ነው። በደንብ ስለመታሁት መሰለኝ፤ እንዲያውም አማረልኝ። ስቀምሰው ቆንጠጥ ሲያደርገኝ «ሎሚው ነው» አልኩ። ኦቻን ብርጭቆውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ ዓይኑን አፈጠጠ። «ሶሊ! ይሄ ጭማቂ አይደለም፤ ይሄ ሠርግ ነው!» አለ። ኃላፊያችን ድገሚኝ አሉ፤ ደግመው ደግሞ ድገሚኝ አሉ፤ ከዚያ ስለ ልጅነታቸው ያወሩልን ጀመር። እኔ ሁሉንም ሙገሳ አድርጌ እየቀዳሁ፣ እየጠጣሁ፣ መሬት አልበቃኝም።

ዘሃራ ግን ብርጭቆውን ወደ አፏ አስጠግታ ቆም አለች። ቀስ ብላ አስቀመጠችውና የሻሿን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች። «ጥርሴን ስለሚያመኝ ነው፤ ቀዝቃዛ አልችልም» አለች። መጠጡ እንኳን ሊቀዘቅዝ ለብ ብሏል። እትዬ፣ ደስ አለኝ! ናቀችብኝ፣ አሁን አቢጋኤል ትቀየማታለች ብዬ። አቢጋኤል ግን የዘሃራን ብርጭቆ አንስታ አሸተተችው፤ ፊቷ ተለዋወጠ። ክንዴን ይዛ ወደ ደጅ ወሰደችኝ።

«ጠላ ሆኗል እኮ! ሙስሊም ቤትሽ ጠርተሽ ይሄን ታቀርቢያለሽ? አውቀሽ ነው?» አለችኝ።

ያ «አውቀሽ ነው» የሚለው ቃል እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ከኮሌጅ ጀምሮ አብረን በልተን አብረን ተኝተን ይህን ታስብብኛለች? ስምል ስገዘት ሳትሰማኝ ሄደች። ወዴት እንደሄደች መናገር አያስፈልገኝም።

በማግስቱ ይቅርታ ልጠይቅ ዘሃራ ግቢ ሄድኩ። ገና አፌን ስከፍት ሳቋ ቀደመኝ። «አቢም ትናንት እያለቀሰች መጥታ ነበር» አለችኝ። «አውቃ ያደረገችው ቢሆን እሷ ራሷ ያን ሁሉ ጠጥታ ለአለቃዋ ትዘፍንለት ነበር? ብዬ ዝም አሰኘኋት።» ስለ ዘፈኑ አልነገርኩሽም ነበር፤ እሱን እለፊው፣ በጾም መሆኑንም ለእማዬ እንዳትነግሪያት። አየሽ፣ የተሟገተችልኝ ልበልጣት የጠራኋት ልጅ ናት። ጀሪካኑን ከቅርንጫፉ አውርዳ ሁመር ቀዳችልኝ። እንዳይጣፍጠኝ ጸለይኩ። ጣፈጠኝ። ድገሚኝ ማለት አቅቶኝ ባዶ ብርጭቆ ታቅፌ ብቀመጥ ሳልጠይቃት ደገመችኝ፤ ይህም አናደደኝ። ክፉ ብትሆን እንዴት በቀለለኝ!

ከዚያ «ያንን ማንጎሽን ገና ሳይዘፍን አቅምሽኝ» አለችኝ። እዚያው ግቢ ተቀምጠን እኔ ስልጥ እሷ ስትጨምቅ፣ የኃላፊያችንን የልጅነት ታሪክ እየደገምን ስንስቅ፣ አቢጋኤል ከበሩ ላይ ቆማ አየናት። ዓይኗ ከእኔ ወደ ዘሃራ፣ ከዘሃራ ወደ እኔ ተመላለሰ።

«ያለ እኔ?» አለች።

ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የእኔው ድምፅ ነው። እትዬ፣ ሁለት ወር ሙሉ እንደዚያ ጣፋጭ ነገር አልቀመስኩም። ማንጎውንም ጨምሬ ነው የምልሽ።

ታርቀናል፤ ክፍሉ ግን አልቀረም። ሁለት አልጋ ስለሚይዝ አቢጋኤል «ነይ አብረን እንግባ» ትለኛለች፤ ዘሃራም ከኋላዋ ራሷን ትነቀንቃለች። ብገባ በየቀኑ ልካፈላት ነው፤ ባልገባ አጎበሩ በእርግጥም ሰፊ ይሆናል። መልስ አልሰጠሁም፤ እህቴን ሳልጠይቅ አይሆንም ብያቸዋለሁ። ዕቅዴን ኃላፊያችን ፈርመውበታል፤ ከአሠራሩ መጨረሻ «ለነገ አያድርም» የሚል በገዛ እጃቸው ጨምረውበት። ከፋሲካ በኋላ አቦቦ ወረዳ ካሉት ሴቶች እጀምራለሁ።

እንግዲህ ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በያት። ጋሽ ተክሌ ማር በሎሚ መጠጣቱን እንዳይተው። ዳዊን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ የማንጎ ፍሬ አድርቄ እልክለታለሁ፣ ፍቼ እንደማይበቅል ግን አትንገሪው፣ ይትከለው። ለጎረቤቶቻችንም አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ።

ልግባ ወይስ ልቅር? ፋሲካ ሳይገባ እንዲደርሰኝ ዛሬ ነገ ሳትይ ጻፊልኝ፤ ፖስታው ላይ የእኔን ስም ብቻ አድርጊ። አቢጋኤል እጅ ትነሳለች። ዘሃራም የሎሚ ውሃውን ላስተማረችሽ እህትሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ ብላለች፤ አንድ መስመር መልሺላት። ከአንድ መስመር ግን እንዳይበልጥ።

እህትሽ ሶልያና
ጋምቤላ፣ መጋቢት 23 ቀን 1988 ዓ.ም.