አርባ ሦስት ጊዜ ይቅርታ

ለውድ ወንድሜ ለቶርኩል፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ ያንን ሁሉ ባሕር ተሻግሮ ደጅህ ይድረስ። ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህስ? ወገብህን ያምህ ነበር፤ ተሻለህ ወይስ በግ ስትሸልት ጎንበስ ካልክ በኋላ አሁንም ቀና ማለት ያቅትሃል? ሊኔትስ እንዴት ናት? ፊቷን የማውቀው ከፎቶግራፍ ብቻ ቢሆንም ሳቂታ ትመስላለችና ወድጃታለሁ፤ ሰላም በልልኝ። እናንተ ዘንድ አሁን በጋው እየገባ ነው አይደል? እኛ ዘንድ ዝናቡ ከሴፕቴምበር ጀምሮ አልቆመም። ሁላችንም ደህና ነን። ደህና ነን ስል ቆመን እንሄዳለን ለማለት ነው እንጂ፣ እኔ በበኩሌ ከትናንት ማታ ጀምሮ እርር ድብን ብያለሁ። ያሳረርከኝም አንተ ነህ።

እማዬ ከፋሲካ ወዲህ ከተማው ውስጥ ካለው የአረጋውያን መጦሪያ መግባቷን ጽፌልህ ነበር፤ መልስ ባላገኝበትም። ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ ደረጃ መውጣት አልቻለችም፣ የእኛ ቤት ደግሞ ደረጃ ብቻ ነው። አባባ በየማክሰኞውና በየዓርቡ በረፋዱ አራት ሰዓት አውቶቡስ እየሄዱ ይጠይቋታል። ዓይናቸው ደክሞ መንጃ ፈቃዳቸውን ከተቀሙ ሁለት ዓመታቸው ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ውስጥ ለስልሳ ልጅ ድንች እልጣለሁ። ስለዚህ የአባባ እግር ያ አውቶቡስ ነው።

ታዲያ የአውራጃው ምክር ቤት ምን ብሎ ጻፈ መሰለህ? ከጃንዋሪ ጀምሮ አውቶቡሱ ወደ መንደራችን ወደ ኪልቫራ አይወርድም፣ ከላይ ከመገንጠያው ይመለሳል። መገንጠያው ከቤታችን ሦስት ማይል ነው፤ ዳገቱን በብስክሌት ስትወጣ እንዴት ታለከልክ እንደነበር አልረሳሁም። አባባ ሰማንያ አራት ዓመታቸው ነው። የሚቃወም መንደር ካለ በመንደሩ ምክር ቤት ስም እስከ ዲሴምበር 9 ይጻፍ ተባለ። ግለሰብ የጻፈው ፋይል ውስጥ ገብቶ ይተኛል፣ የመንደር ምክር ቤት የጻፈው ግን የግድ መልስ ይሰጠዋል። ሕጉ እንደዚያ ነው። እኔም ደብዳቤውን ሳምንቱን ሙሉ ስጽፍ ስሰርዝ ሰንብቼ፣ ትናንት ለመንደራችን ምክር ቤት ስብሰባ አሳምሬ ይዤ ሄድኩ። የሚቀረው እጅ ማውጣት ብቻ ነበር።

አምስት ሰዎች ተገኘን። ሰብሳቢዋ እትዬ ሮና፣ ፈርጉስ፣ ባለ ሱቋ ዊልማ፣ አላስዴርና እኔ። ከቀሩት አንዱ ሰሜን ባሕር ላይ ነዳጅ ያወጣል፣ አንዷ ስፔን ሄዳ ፀሐይ ትሞቃለች፣ አንዱ ኢንቨርነስ ሆስፒታል ተኝቷል። ሦስቱም የገና በዓል ሳያልፍ አይመጡም። አባባ እንደ ልማዳቸው ከኋላ ማሞቂያው አጠገብ ካለው ወንበር ላይ ናቸው። የሠላሳ ዓመት መቀመጫቸውን ላንተ ከለቀቁ ወዲህ አንድም ስብሰባ አምልጧቸው አያውቅም።

አላስዴር ገና ካፖርቱን ሳያወልቅ፣ «ስሙኝማ፣ ጀልባችን ከባሕሩ ሙላት ጋር ይነሳል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ የለሁም፣ ከገና በፊትም አታዩኝም» ብሎ አስጠነቀቀ። እኔም አውቶቡሱን እናስቀድመው አልኩ። ለመንኩ ብል ይሻላል። እትዬ ሮና አርባ ዓመት ሙሉ ሂሳብ ያስተማረችበትን ዓይኗን በመነጽሯ ላይ አሻግራ እያየችኝ፣ «ኢሽበል፣ አውቶቡሱ ሰባተኛ አጀንዳ ነው። ከስድስት በፊት ሰባት የሚመጣበት አገር ካለ ንገሪኝ» አለች።

እንግዲህ በተራው ሄድን። ቃለ ጉባኤ ጸደቀ። ውሻቸው ያቆሸሸውን የማያነሱ ሰዎች ያለ ስማቸው ተወገዙ፤ ሁላችንም ዊልማን ላለማየት ጣሪያ ጣሪያውን አየን። በቀን እየበራ ማታ የሚጠፋው የቤተ ክርስቲያኑ መብራት ለሦስተኛ ዓመት ተወሳ። ከዚያ የአግዳሚ ወንበሩ ጉዳይ መጣ። ወደብ ላይ የሚቀመጠው አዲሱ አግዳሚ ፊቱን ወደ ባሕሩ ያድርግ ወይስ ወደ መንገዱ? ሃምሳ ደቂቃ ፈጀ፣ ቶርኩል። ሃምሳ! ዊልማ ባሕር ነው የሚያምረው አለች። ፈርጉስ ደግሞ፣ «ባሕሩን ስልሳ ዓመት አየሁት፣ አንድ ቀን እንኳ ሰላም ብሎኝ አያውቅም። በመንገዱ የሚያልፍ ሰው ልይበት!» ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። አላስዴር ሰዓቱን ያያል፣ እኔ አላስዴርን አያለሁ። ሁለት ሰዓት ሲሞላ ተነሳ። «ይቅርታ ኢሽበል፣ ባሕሩ አግዳሚ አይጠብቅም» ብሎኝ ወጣ። በሩ ሳይዘጋ ፈርጉስ፣ «በሉ አሁን ወደ ቁም ነገሩ፣ ያንን አውቶቡስማ ማንም አይነካውም!» ብሎ ደረቱን ነፋ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ አይደል?

እትዬ ሮና ቆጠረችን። አራት ነን። መዝገቡ ላይ ያለን ዘጠኝ። የዘጠኝ ግማሽ አራት ተኩል ነው፤ ግማሽ ሰው ደግሞ ወንበር ላይ ስለማይቀመጥ ምልዓተ ጉባኤ የሚሆነው አምስት ሲገኝ ነው። ዘጠነኛው ማን እንደሆነ ልንገርህ ወይስ ገባህ? ዘጠነኛው አንተ ነህ። ላም አለኝ በሰማይ ይሉታል እንዲህ ያለውን አባል!

እንዴት እስካሁን እንዳልተሰረዝክ ሳይገርምህ አይቀርም። ስድስት ወር ያለ ምክንያት የቀረ ይሰረዛል፣ ይቅርታ የላከ ግን አይሰረዝም። አባባ በየስብሰባው መጀመሪያ ብድግ ብለው፣ «ልጄ ቶርኩል መቅረቱን ይቅርታ ይጠይቃል» ይላሉ። ምክንያቱንም ያክላሉ። አርባ ሦስት ጊዜ! ለሁለት ዓመት ብለህ ሄደህ አራት ዓመትህ ነው፤ ከአምናው ፋሲካ ወዲህ አንዲት ካርድ እንኳ አልላክህም። አባባ ታዲያ ምክንያቱን ከየት ያምጡት? ከራሳቸው ነዋ። በእኛ ቃለ ጉባኤ ሦስት ጊዜ ጉንፋን ይዞሃል፣ ጎርፍ ድልድይ ወስዶብሃል፣ መንጋጋ ጥርስህን ተነቅለሃል፣ ፈረስህ ወልዳለች። ባለፈው ፌብሩዋሪ እግርህን ወለም ብሎህ ምክር ቤቱ እግዜር ምሕረት እንዲያወርድልህ ተመኝቶ በሙሉ ድምፅ አጽድቋል። በምርጫውም ጊዜ ሌላ ተወዳዳሪ ስላልነበረ፣ አባባ በሞሉት ቅጽ ተመርጠሃል። እንኳን ደስ ያለህ። ይህን ሁሉ የጻፈችውም ጸሐፊዋ እህትህ ናት። ሁሉም ያውቃል፣ ሁሉም ዝም ይላል። ማንን ይጎዳል ብለን ነበር።

እትዬ ሮና መመሪያውን ገልጣ አነበበች። ከመንደሩ ለቆ የሄደ አባል ቦታው ባዶ ይሆናል ይላል፤ ለዚህም የቤተሰቡ ቃል ይበቃል። ከዚያ መነጽሯን አውልቃ፣ እንዲያ ለስልሳ ሰምቻት በማላውቀው ድምፅ፣ «ጋሽ ሄክተር፣ ልጅዎ ጠቅልሎ ሄዷል ብለው አንድ ቃል ይናገሩ። ስሙን አወጣለሁ፣ ስምንት እንሆናለን፣ አራታችን እንበቃለን። ደብዳቤው ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት ይገባል» አለቻቸው። ፈርጉስም፣ «በሉ እንጂ ጋሼ፣ ለራስዎ አውቶቡስ እኮ ነው!» አለ።

አባባ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ሲያዞሩ ቆዩ። ከዚያ፣ «ልጄ ይቅርታ ጠይቋል። የሸለታ ጊዜ ሆኖበት ነው። ጻፊው ኢሽበል» ብለው ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

እኔም መናገር እችል ነበር። እኔም ቤተሰብ ነኝ። አፌን ከፍቼም ነበር፤ አባባ ከበሩ ላይ ዞር ብለው አዩኝ፣ ዘጋሁት። እትዬ ሮና ምልዓተ ጉባኤ ስላልተሟላ ስብሰባው ተበትኗል፣ የሚቀጥለው ዲሴምበር 7 ነው ብላ መዝገቧን አጠፈች። ያን ዕለትም ያው አራት ነን። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁለት ቀን ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ አባባ ምድጃው ላይ ከሰል ይጨምራሉ። አልታገስኩም፣ ጮህኩባቸው። እማዬን በምን ሊጠይቋት ነው? አልኳቸው። «እግር አለኝ» አሉ። ያ እግር ለመውጣት እኮ በየደረጃው ሁለቴ ያርፋል! አንድ ቃል ምን ነበረበት፣ የሌለን ሰው የለም ማለት ነውር ነው ወይ? አልኳቸው። ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ በአራት የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አደረጉት። የኦክቶበሩ ቃለ ጉባኤ ነው፣ እኔው የተየብኩት፤ ከመታጠፉ ብዛት ሊቀደድ ደርሷል።

ለካ በየዓርቡ ለእማዬ የሚያነቡላት ያንን ነው። እሷ ስለ ቶርኩል ምን ተሰማ ስትላቸው ወረቀቱን አውጥተው፣ «ይኸው፣ በቃለ ጉባኤ ሰፍሯል» ይሏታል። እሷም የተጻፈ ነገር ስለሆነ ታምናለች። ጥርስህን የተነቀልክ ሰሞን ሳምንቱን ሙሉ ለስላሳ ነገር ይብላ እያለች ነርሶቹን ስታስጨንቅ ነበር አሉ። ከዚያ አባባ ከሰሉን እየቆሰቆሱ፣ «አውቶቡሱ ተርፎልኝ የማነብላት ባጣ፣ ምን ልሠራ ነው የምሄደው?» አሉኝ።

ቶርኩል፣ ያን ጊዜ ንዴቴ ከእሳቸው ላይ ተነስቶ አንተ ላይ አረፈ። እዚያም ይቆያል። ሥራህ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፣ መጻፍ እንደማይሆንልህም አውቃለሁ፤ በልጅነትህም የቤት ሥራህን የምጽፍልህ እኔ ነበርኩ። ግን አንድ ሽማግሌ ሰው በልጃቸው ስም በሰው ፊት አርባ ሦስት ጊዜ ቆመው ይቅርታ ሲጠይቁ፣ ልጅየው አንዲት ጊዜ እንኳ አለመጠየቁ ያሳፍራል። አፍሬብሃለሁ። ይህን ብዬ ስጨርስ ደግሞ ናፍቀኸኛል፤ እሱም ያናድደኛል።

አሁን የምልህን አድርግ። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ወረቀት አለ፤ ከአባልነቴ በፈቃዴ ለቅቄአለሁ ይላል። እኔ ጽፌዋለሁ፣ አንተ ፈርምና በአየር ፖስታ መልሰው፣ ከዲሴምበር 7 በፊት ይድረሰኝ። ተነስቼ ሄዷል ብዬ አባባን በሰው ፊት ማዋረድ አልችልም፤ ቃሉ ካንተ ይምጣ። ግን ወረቀቱን ብቻውን እንዳትልከው። ፊርማህ ብቻ ከመጣ አባባን አውቶቡስ ላይ ባዶ እጃቸውን መጫን ነው። ለእማዬ ደብዳቤ ጻፍላት፤ በእጅህ፣ በጉልህ ፊደል፣ እውነተኛውን። በጎቹ ስንት እንደሆኑ፣ ምን እንደምትበላ፣ ጥርስህ ሁሉ በቦታው መኖሩን። መቼ እንደምትመጣ ካላወቅህ አላውቅም በላት። አባባ አንብበው አንብበው እስኪቀደድ ድረስ የሚበቃቸው ይሁን።

ፈርጉስ ሰላም ብሎሃል፤ አግዳሚው ወደ መንገዱ መዞሩን ንገሪው ብሏል፣ ጉዳዩ እንደገና ይታያል ቢባልም። ዊልማ ሰላም ትልሃለች፣ ውሻዋም። እትዬ ሮና ዛሬ ሱቅ አግኝታኝ፣ የደንብ ጉዳይ ሆኖባት እንጂ አንተን ከመዝገቡ ማውጣት እንደማትወድ ጻፊለት አለችኝ። እማዬ ምን እንደምትልህ አልጠየቅኋትም፤ ነገ ዓርብ ነው፣ አባባ ሲመለሱ ይነግሩኛል። ለሊኔት፣ ለጎረቤቶቻችሁም፣ ለዚያች ወለደች ለተባለችው ፈረስህም፣ ካለች፣ ሰላምታዬን አድርስ።

አባባ አሁን ከወዲያኛው ክፍል፣ «ለእሱ ነው የምትጽፊው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «እንግዲያው ጠይቂልኝ፤ ለዲሴምበሩ ስብሰባ ምን ሆኖ ቀረ ልበል?» አሉ።

እህትህ ኢሽበል
ኪልቫራ፣ ስኮትላንድ
ኖቬምበር 10 ቀን 1988