ለራሷ ሁለት የሰጠችው የእህቴ ልጅ

ለተከበሩ የሙያ ማሠልጠኛው ዲን

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ ይብዛልን፣ ወንበርዎም ይመችዎ። እኔ የአንዲት ሁለተኛ ዓመት የኤሌክትሪክ ሠልጣኝዎ አጎት ነኝ። ስንቱን ሬዲዮ አቃጥዬ ጥገናን ለራሴ ያስተማርኩ ሰው ስለሆንኩ፣ በአጻጻፌ ስህተት ቢያገኙ በትልቅነትዎ ይለፉኝ።

አንደኛ፣ ሠልጣኞች ችሎታቸውን ከአንድ እስከ አምስት ራሳቸው የሚመዝኑበት ቅጽ ስላደሉ አመሰግናለሁ። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ነጥብ አይያዝበትም፣ እውነቱን ብቻ ይጻፉ» ሲሉ ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ልጅቷ እስክሪብቶ ይዛ ስታመነታም «ምን ያስፈራሻል፣ ሰውዬው እኮ ቃሉን ሰጥቷል» ያልኳት እኔው ነኝ።

ሁለተኛ፣ ወደ ፋብሪካ ለተግባር ልምምድ የሚሄዱትን በዚያው ቅጽ በመምረጥ አስተማሪዎቻቸውን ከመጠየቅ ድካም ስለዳኑ ደስ ብሎኛል። የእህቴ ልጅ ለመስመር ዝርጋታ ለራሷ ሁለት ሰጥታ ቀረች፤ አጠገቧ የሚቀመጠው ልጅ አምስት ሰጥቶ ሄደ። ይህ ልጅ ባለፈው ወር በወርክሾፑ ማብሪያ ማጥፊያውን ኃይል በሚያመጣው በፌዙ ሽቦ ፈንታ በመመለሻው በኒውትራሉ ላይ አስሮ፣ አምፖሉ ሲጠፋለት «በቃ፣ ጨረስኩ» ብሎ እጁን ሊታጠብ የሄደ ነው። አምፖሉ ቢጠፋም አምፖሉ የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ሰው የሚገድል ኃይል እንዳለ በቴስተር ነክታ ያሳየችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ «እኔስ ያላየሁት ስንት ነገር አለ?» እያለች የራሷን ሥራ ሦስት ጊዜ ትፈትሻለች። ያ ሁለት የመጣው ከዚህ ነው። ልጁን አልወቅሰውም፤ አልዋሸም፣ አምስት መሆኑን ከልቡ ያምናል።

ሦስተኛ፣ ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ ሳይሆን በራሴ ላይ ነው። ከልምምዱ ከቀረች ወዲህ ስቀልድ አትስቅልኝም።

ቃልዎን አምኖ የእህቱን ልጅ ያሳመነ፣
ታዛዥ አጨብጫቢዎ፣
የሠልጣኟ አጎት

ማስታወሻ፦ ሰኞ ዕለት ያደሉትን አዲሱን ቅጽ አጠገቤ ሆና ሞላችው። ጥያቄዎቹን እንኳ ሳታነብ ከላይ እስከ ታች አምስት፣ አምስት አለችና «ጋሼ፣ አሁን ገባኝ» አለችኝ። እንኳን ደስ ያለዎት፤ እስካሁን ስለ ራሷ እውነቱን የጻፈችልዎት አንዲት ልጅ ነበረችዎት። ከእንግዲህ ማን ምን እንደሚችል ለማወቅ ወርክሾፑ ድረስ መውረድ ሊኖርብዎት ነው፤ ደረጃው የት እንደሆነ የጥበቃ ሠራተኛው ያሳይዎታል።