ኮፍያ ያደረገ ወይን

ኪኑዬ፣

እዚህ የወይን አገር ካትሱኑማ ውስጥ እያንዳንዱ የወይን ዘለላ የወረቀት ኮፍያ አድርጓል። እኛ ኒጋታ ውስጥ ሩዛችንን ዝናብ ሲደበድበው ዝም ብለን እናያለን፤ እዚህ አዛውንቱ ገበሬ ኢዋኦ ዘለላውን አንድ በአንድ ያለብሱታል። አራት ዓይነት የወይን ጠጃቸውን በአራት የሻይ ስኒ ቀዱልኝ። ወይን ቀማሾች ቀምሰው ይተፋሉ ሲባል ሰምቻለሁ።

"ቀምሼ የት ነው የምተፋው?" አልኳቸው።

"ኮፍያ ያለበስኩትን ልትተፊው?"

አፈርኩና አራቱንም ስኒ ግጥም አደረግኩ።

ከዚያ ልታጠብ ወደ መንደሩ ፍልውሃ ሄድኩ፤ በር ጠባቂዋ ሴትዮ ሲያዩኝ ሳቁ። "ልጄ፣ ፊትሽ ቀድሞሽ ገብቶ ተቀቅሎ ወጥቷል እኮ። የጠጣ ሰው አይገባም፤ እግርሽን ብቻ ንከሪ።"

እግሬን ነክሬ ነው የምጽፍልሽ። አንቺ ሁሉም አብሮ ራቁቱን ስለሚታጠብ "የቀዶ ጥገና ጠባሳዬ ይታያል" ብለሽ አይደል የቀረሽው? ሴትዮዋን ጠየቅኳቸው። "በዚያ እንፋሎት እንኳን የሰው ጠባሳ የራሴም ጉልበት አይታየኝ" አሉ።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እናትሽን ሳሚልኝ። በሚመጣው ወር አብረን እንምጣ። እኔ እጠጣልሻለሁ፣ አንቺ ትታጠቢልኛለሽ።

ሳቺኤ