ቁልቁለቱን ያልተለማመድኩት

ጥር 28

ጠዋት አንሶላ አጠብኩ። የበረንዳውን ገመድ አጠበቅኩ። ከሰዓት በኋላ ስልክ... ጓደኛዬ ናት። ሃያ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ክፍል አስተምረናል፤ እሷ ሒሳብ፣ እኔ ጂኦግራፊ። እህቷ ዘንድ ልትኖር ከአገር ከወጣች ስድስት ዓመቷ።

"ላገባ ነው" አለች።

"ማንን?"

"ንብ አርቢ ነው። ሳቂብኝ፣ ፈቅጃለሁ።"

አልሳቅኩም። በስልሳ አንድ ዓመቷ! እህቷ አምና አርፋለች፤ ሚዜ የሚሆናት የለም። ሠርጉ ሰውዬው መንደር ነው። መኪና አይገባም። አውቶቡሱ ከሚቆምበት ተራራውን ወጥቶ በወዲያኛው በኩል መውረድ ነው። ሙሉ ቀን በእግር።

"ካልቻልሽ አልቀየምሽም" አለች። ድምፅዋ ግን...

እመጣለሁ አልኩ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው የደነገጥኩት። እኔ ከአገር ወጥቼ አላውቅም።

የካቲት 2

ለፓስፖርት ፎቶ ተነሣሁ። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ ይለኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። "እማማ፣ እባክዎ አይሳቁ" አለኝ። ሦስት ጊዜ አስደገምኩት።

የካቲት 9

ዕቅድ አወጣሁ። የምኖርበት ሕንፃ ስድስት ፎቅ ነው፤ 108 ደረጃ። በየቀኑ ቦርሳ አዝዬ እወጣዋለሁ። ቦርሳው ውስጥ የውሃ ጠርሙሶች... አንድ ሊትር አንድ ኪሎ ነው፣ ሚዛን አያስፈልግም። በአራት ኪሎ ጀምሬ በየሳምንቱ አንድ እጨምራለሁ። ጉልበቴ እንዳይደክም ስመለስ በሊፍት።

ልጄ ደረጃው ላይ አገኘችኝ። "እማ፣ ሚዜ ልትሆኚ ነው ወይስ ልትዘምቺ?"

የካቲት 30

ሰባት ኪሎ። ስምንት ጊዜ ወጣሁ። ልብ ደህና፣ ትንፋሽ ደህና።

ማታ አትላሱን ገለጥኩ። ያን ተራራ ሰሌዳ ላይ በቡናማ ጠመኔ ስንት ጊዜ ሳልኩት? አንድ መዳፍ ያህላል። እውነተኛው ምን ያህል ይሆን...

መጋቢት 12

ፊሽካ መጣ። የትምህርት ቤታችን የድሮ የስፖርት መምህር ነው፤ ጡረታ ወጥቶም ቅጽል ስሙ አልለቀቀውም። ሰንጠረዤን በኩራት አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ ሳቀ።

"መውረጃው የታለ?"

"በሊፍት ነው የምወርደው።"

"እዚያ ተራራ ላይ ሊፍት አለ?"

ሰንጠረዡን መልሼ አጠፍኩት።

"አንቺ ሴትዮ፣ ጉልበት የሚያልቀው ቁልቁለት ላይ ነው። እስቲ ከነሸክምሽ ውረጂ።"

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቀኝ ጉልበቴ ከዳኝ። ፊሽካ ባይዘኝ ኖሮ...

መጋቢት 13

አብጧል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ "ወረቀቱን ገልብጠህ አላየህም?" እያልኩ ግማሹን ጥያቄ ትተው የመጡትን ስቆጣ ኖርኩ። ይኸው እኔም አልገለበጥኩም።

መጋቢት 15

ደወልኩላት። መምጣቴን እንጃ አልኩ። ስልኩን ይዛ ከሰውዬውና ከእናቱ ጋር ስትንሾካሾክ ይሰማኛል። ከዚያ...

"እንግዲያው እኛ እንሻገራለን። ሠርጉን አውቶቡሱ የሚቆምበት ከተማ እናደርገዋለን።"

"መንደሩ ሁሉ?"

"ሰማንያ ሰው ቢሆን ነው። እናቱም እሺ ብለዋል።"

"ስንት ዓመታቸው ነው?"

"ሰማንያ ሦስት። በበቅሎ ቢመጡ አይሻልም ወይ ብንላቸው ተቆጡ።"

አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች... ለእኔ ጉልበት ሲሉ ተራራ ሊሻገሩ?

"ተይው" አልኳት። "ማንም ንቅንቅ እንዳይል። እወርደዋለሁ።"

መጋቢት 24

እብጠቱ ጠፋ። አሁን በሊፍት መውጣት፣ በእግር መውረድ። መጀመሪያ አንድ ፎቅ ብቻ፣ ያለ ሸክም፣ ምርኩዝ ይዤ። ፊሽካ ታች ቆሞ ይጮኻል፦ "አጭር እርምጃ! ጉልበትሽን ድርቅ አታድርጊው! ምርኩዙ ይቅደም!" ጎረቤቱ ሁሉ በሩን ከፍቶ ያያል። ይዩ።

ሚያዝያ 10

ስድስቱንም ፎቅ፣ አምስት ጊዜ፣ ከነሸክሜ ወረድኩ። ፊሽካ ምንም አላለም። ምንም ካላለ አልፌያለሁ ማለት ነው።

ልጄ የጉዞ ቦርሳዬን ፈትሻ ሁለተኛውን ጃንጥላ፣ ሦስተኛውን ሹራብና መዝገበ ቃላቱን አወጣች። አልተከራከርኩም። ክብደቱ ስድስት ኪሎ ሆነ።

ሚያዝያ 17

ሁለተኛውን ድንበር በአውቶቡስ ተሻገርን። በመስኮት አፍጥጬ አየሁ። ወዲህም ሣር፣ ወዲያም ሣር፤ አንዲት ላም ከሁለቱም ትግጣለች። መስመር የለም። እኔ እኮ በማስመሪያ ነበር የምስለው...

ሚያዝያ 21

በጠዋት ተነሥቼ ወጣሁ። ስድስት ሰዓት ላይ ጫፍ ደረስኩ። ደመናው ከእግሬ በታች ነበር። ከበታች! ዓይነቱን፣ ስሙን፣ ከፍታውን ስንት ዓመት አስተማርኩ፤ ጀርባውን ግን አይቼ አላውቅም። ነጭ ነው፣ ይተነፍሳል። ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም።

ከዚያ ቁልቁለቱ። አጭር እርምጃ። ምርኩዙ ይቅደም። ሁለት ጊዜ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፤ ሁለቱንም ጊዜ ቆሜ እስኪያልፍለት ጠበቅኩት።

የመጀመሪያዎቹ የንብ ቀፎዎች ጋ ስደርስ ጓደኛዬ ሽቅብ እየሮጠች መጣች። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ፀጉሯ ሸብቷል፤ ሳቋ ያው ነው።

"ቦርሳውን አምጪ።"

"ሂጂ ወዲያ! ሙሽራ ሸክም አትይዝም።"

"ያንን ሁሉ ወረድሽው?"

ዞር ብዬ አየሁት። ቀና አልኩ፣ አሁንም ቀና አልኩ... ጫፉ አይታይም፤ ደመና ውስጥ ነው። ከዚያ ነው የመጣሁት? እኔ?

"ወረድኩት" አልኳት። ለራሴም እየነገርኩ ነበር።