የባለ ቀይ ታርቡሹ ዓይን

ይድረስ ለናፈቅንህ ወንድሜ፣ ለጋሼ አባይነህ ወልደ ጊዮርጊስ፤

እንደምን ከርመሃል? ክረምቱስ አስመራ ላይ እንዴት አለፈ? ያ ብርድ ጉልበትህን ተወህ? እትዬ አስቴር ደኅና ናት? እንደሻውና ለተማርያም ትምህርት ገቡ? እኛ ስሙ ይመስገንና፣ የእማዬ ዓይን ከመድከሙ በቀር፣ ደኅና ነን። የአንተ ናፍቆት ግን እንዳለ ነው፤ እሱ አልለቀቀንም።

ጋሼ፣ ዛሬ የምጽፍልህ ግራ ስለገባኝ ነው። የአባባን ሙያ ይዤ ሥዕል እየሣልኩ ሸዋ በር አጠገብ እንደምሸጥ ታውቃለህ። ባለፈው ወር በጦር ትምህርት ቤቱ የሚያስተምሩ ሻለቃ ናይር የሚባሉ ህንዳዊ ከአስተርጓሚያቸው ጋር ቤታችን ድረስ መጡ። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ሲደፉት፣ ኧረ በስመ አብ! ወታደር ነው የፈሰሰው። ከእርሳስ የተሠሩ፣ ከጣት የማይበልጡ፣ ጠመንጃ ያነገቱ፣ የተንበረከኩ፣ መትረየስ የጠመዱ። ልብሳቸውንም ፊታቸውንም ቀለም ቀቢልኝ አሉ። ለልጆቻቸው መስሎኝ ስንት ልጅ አለዎት ብዬ ብጠይቃቸው፣ የለም፣ የምጫወተው እኔ ነኝ አሉኝ። ሳቄን እንዴት እንደያዝኩት እኔ ነኝ የማውቀው!

ጨዋታውንም አስረዱኝ፤ ገባኝ ብልህ ግን ዋሸሁ። ሰፊ ጠረጴዛ ላይ አሸዋ ደፍተው ኮረብታና ወንዝ ያበጃሉ፤ አንዱ ጣልያንን፣ አንዱ የእኛን ሰው ይዞ ትይዩ ይቆማሉ፤ ከዚያ ነጠብጣብ ያለባት ትንሽ አጥንት ይወረውራሉ። በወጣው ቁጥር ወይ ሰው ይሞታል ወይ ጥይቱ ይስታል። የሚጫወቱት ደግሞ የሃያ ስምንቱን ጦርነት ነው። ታዲያ ማን አሸነፈ ብላቸው፣ ባለፈው ጣልያን፣ ከዚያ በፊት እናንተ አሉኝ። ያን ያህል ሰው ያለቀበት ነገር እንዲህ እንደ ቂጣ ይገለበጣል እንዴ? እኔ እንጃ።

ሥራውን ግን ተቀበልኩ። ቀዩን ቀለም ጊደር መጋላ ገበያ አገኘሁ። ለብሩሽ የሚሆን ቀጭን ጸጉር ሳጣ የጎረቤታችንን የቡሽራን ድመት ጭራ ትንሽ ቆረጥ አደረግሁ፤ ቡሽራም ወላሂ ድመቴን መላጣ አደረግሻት እያለ በግንቡ ላይ ይጮህብኛል። ፊታቸውን አባባ እንዳስተማሩኝ ነው የሠራሁት። ደጉ ሰው ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ ያያል፤ ክፉው ፊቱ ዞሮ በአንድ ዓይን ይሣላል። ስለዚህ ለእኛ አርበኞች ሁለት ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጠኋቸው። የእርሳስ ፊት አይዞርም፤ የጣልያኖቹን አንድ ዓይን ሳልሥል ተውኩት። ሻለቃው ተመልሰው መጥተው መነጽራቸውን አድርገው አንድ በአንድ ሲያዩ ቆዩና፣ ጣልያን የላከው አንድ ዓይና አንድ ዓይናውን ብቻ ነበር እንዴ አሉ። ነገሩን ሳስረዳቸው ከአስተርጓሚው ጋር በሳቅ ሞቱ። እኔ አልሳቅኩም፤ ሥርዓቱ ነው፣ ምን ያስቃል?

ከዚያ ከመደዳው መጨረሻ የቆሙትን አነሡ። ቀይ የታርቡሽ ቆብ ያደረጉ፣ መልካቸው እንደ እኛው ጠይም የሆነ፣ ለጣልያን ያደሩትን አስካሪዎች። እነዚህስ ምነው ጭራሽ ዓይን የላቸው አሉኝ። ገና አልጨረስኩም ብዬ ሰበሰብኳቸው። እውነቱ ግን፣ ጋሼ፣ ልብሳቸውን ጨርሼ ፊታቸው ላይ ስደርስ እጄ እምቢ ብሎኝ ነው።

አንተን አስቤ ነዋ! ያንን ታርቡሽ አድርገህ ከበራችን ስትወጣ ሕፃን ነበርኩ፤ የማስታውሰው ቀዩን ብቻ ነው። የሰፈሩ ሰው አንዱ ለደመወዝ ብሎ ገባ ይላል፤ ሌላው አባባ ሲታሰሩ ለማስፈታት ብሎ ነው ይላል፤ እማዬ በግድ ወሰዱት ትላለች። አባባ እስኪሞቱ ድረስ ስምህን አላነሡም፤ ግን አንድ ቀንም ሲረግሙህ አልሰማሁም። አንተም ስለ ብርዱና ስለ ሥራህ ትጽፋለህ እንጂ ይህን አትነካውም። ጣልያን ከወጣ ሃያ ዓመት ሞላው፤ እግርህ ግን ሐረርን አልረገጠም። ተናድጄብሃለሁ፤ እወድሃለሁም፤ የቱ እንደሚበልጥ አላውቅም።

ባለፈው እሑድ ከመድኃኔ ዓለም ስመለስ እማዬ አንዱን ባለ ቀይ ታርቡሽ ዓይኗ ሥር አስጠግታ ስትመረምረው አገኘኋት። የግራ ዓይኗ ፈጽሞ ጠፍቷል፤ ቀኙም ብዙ እንደማይቆይ ሐኪሙ ነግሮናል። ይሄ ልጅ ምነው ዓይን አጣ አለችኝ። አንድ ልስጠው ሁለት ግራ ገብቶኝ ነው አልኳት። አንድ ዓይን ያለው ሁሉ ክፉ ከሆነ እኔንም ከእነሱ ጋር ልትደረድሪኝ ነዋ ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋን ተወችና፣ ለንጊኖስስ ጌታን በጦር የወጋ ወታደር አልነበረም እንዴ፣ ደሙ ነክቶት የጠፋ ዓይኑ በራለት፣ አባይነህ ከሄደ ወዲህ አባትሽ ለንጊኖስን በሁለት ዓይን ነው የሣሉት፣ ሄደሽ እይ አለችኝ። አባባ ለቤታችን የሣሉትን ስቅለት ከግድግዳው አውርጄ ወደ ብርሃን ወሰድኩት። እውነቷን ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ፊቱ ቆሜ ስጸልይ ልብ አላልኩትም! ይቅር ብለውህ ይሆን ወይስ ታሪኩ እንዲያ ስለሆነ ብቻ? ብጠይቃቸው በወደድኩ፤ አባባ የሉም።

እማዬ፣ ለዚህም ሁለት ስጪው፣ የቤቱን መንገድ ይይበት አለች። ሰጠሁት። ለሌሎቹም ባለ ታርቡሾች ሰጠሁ። ጣልያኖቹን ግን አልነካሁም፤ ሻለቃው ቢስቁም ይሳቁ። ያ የእማዬ ወታደር ወደ ቆርቆሮው አልተመለሰም፤ ጠፋብኝ ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራው ትውላለች፤ እየፈታች በጣቷ ፊቱን ትዳብሰዋለች። ደግ ሠራሁ ወይስ አጠፋሁ፣ አሁንም አልገባኝም። መጥተህ አንተው ንገረኝ። መናገሩ ቢከብድህም ግዴለም፤ ብቻ እማዬ የምታይበት ዓይን ሳላት ና።

እትዬ አስቴርን ሳምልኝ። እንደሻውን ጉንጩን፣ ለተማርያምን ግንባሯን ሳምልኝ። ቡሽራ ድመቷን ይዞ ሰላም ብሎሃል። እማዬ ግን የጻፍኩትን ሳነብላት ሰምታ፣ ሰላም በይልኝ አላለችም። ሰላምታዬን እዚሁ መጥቶ ይቀበል ብላለች።

ታናሽ እኅትህ ሰገነት ወልደ ጊዮርጊስ
ሐረር፣ ጥቅምት ፲፪ ቀን ፲፱፻፶፬ ዓ.ም.