ከማዶ ያለችው ኩሩ

ጥቅምት 5

ዛሬ ዝንብ ሳባርር ዋልኩ። በቀኝ ዓይኔ በኩል ትመጣለች፣ ሳባርራት ትሄድና ትመለሳለች። ጨርቅ ይዤ ሱቁን ስዞር ልጄ ዓሊያ ከኮሌጅ መጣች።

«እማ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝንቧን አታዪያትም እንዴ?»

«ዝንብ የለም እኮ።»

ታዲያ እኔ የማባርረው ምንድን ነው…

ሌላው እንደ ወትሮው። ጥቂት ጆግና አንድ ሳፋ ተሸጠ። ከመንገዱ ማዶ ያለችው በርበሬ ሻጭ ዛሬም ዞር ብላ አላየችኝም። ሱቅ ከከፈተች ሁለት ዓመቷ። የከፈተች ዕለት በሬ ላይ ቆሜ፣ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩላት። ገበያ ይቅናሽ ማለቴ ነበር። ንቅንቅ የለም። ያን ሁሉ የጭነት መኪና አቋርጬ ሰላም በዪኝ ብዬ ልለምናት ነው? ኩሩ። ይቅርባት።

ጥቅምት 7

ጠዋት በዓይኔ ዳር ብልጭ አለ። መብረቅ መሰለኝ። ቀና ብል ሰማዩ ጥርት ብሏል።

አባቴም ብልጭ ብልጭ አለብኝ ሲል ከርሞ ነበር። አንድ ቀን ከጎን ጥቁር ጨርቅ እንደተሳበበት ነገረን። አንድ ዓይኑ በዚያው ጠፋ። እሱም እንደኔ ቅርቡን እንጂ ሩቁን አያይም ነበር።

ፈራሁ። ይሄን ስጽፍ እንኳ አፍንጫዬ ደብተሩን ሊነካ ነው። መነጽሬ አርጅቷል፣ ተጫጭሯል፣ ቁጥሩም ካለፈበት ቆይቷል። ለዓሊያ ነገርኳት። ተቆጣችኝ። ነገ ሆስፒታል።

ጥቅምት 8

ከየት ልጀምር…

የዓይን ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ አደረጉብኝ። ኋላውን ለማየት ነው አሉ። ዓሊያ ፈተና ስላላት ሄደች። መነጽሬን አውልቄ አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ፣ ዓለም ሁሉ ጭጋግ። አጠገቤ ያለችውም ሴት ጠብታ ተደርጎባታል። ነጭ ነጠላዋ ብቻ ነው የሚታየኝ። ድምጿ ግን ደስ ይላል።

«የመነጽር ቁጥርሽ ስንት ነው?» አለችኝ።

«አስራ ሦስት።»

«እኔ ዘጠኝ። ታላቄ ነሽ በይኛ።»

መነጽር አላት፣ ግን አታደርግም። እናቷ «ዓይን ያሰንፋል» ይሏት ነበር። ጨዋታ ጨዋታን አነሳና እሷም ነጋዴ ሆና ተገኘች። እኔም ስለዚያች ሰላምታ ስለማትመልሰው ጎረቤቴ አወራኋት።

«ተዪኝ እስቲ» አለች። «እኔም ፊት ለፊቴ አንዷ አለች። ሱቅ የከፈትኩ ሰሞን እጄን ባነሳላት ባነሳላት… ግድግዳ።»

«እንዲህ ያለችዋንማ መዝጋት ነው» አልኩ።

«ዘጋኋታ።»

«ደግ አደረግሽ።»

አይ እኔ…

ከዚያ ሐኪሙ አስገባኝ። ዶክተር ሶሬሳ፣ ገና ወጣት ነው። «እናቴ፣ ቀኝ ዓይንዎ ውስጥ ከኋላ ያለው ስስ ሽፋን ዳሩ ላይ ተቀዷል። ዝንቧም ብልጭታውም ከዚያ ነው። ደግነቱ ገና አልተላቀቀም። ነገ ዙሪያውን በሌዘር እናጣብቀዋለን። ሰው ይዘው ይምጡ።»

የአባቴ ዓይን ትዝ አለኝ። ወጥቼ አግዳሚው ላይ አለቀስኩ። ዓሊያ ነገም ፈተና አለባት።

«አብሬሽ እመጣለሁ» አለች ሴትዮዋ። «ሰፈርሽ የት ነው?»

«አቃቂ በሰቃ።»

«እኔም እዚያው ነኝ። የት ጋ?»

«ወፍጮ ቤቱ አጠገብ። ፕላስቲክ ዕቃ እሸጣለሁ።»

ወደ እኔ ጠጋ አለችና፦ «በሩ ሰማያዊ ነው?»

«አዎ…»

«እኔ በርበሬና ሽሮ ነው የምሸጠው። ከማዶ።»

መጀመሪያ አፈርኩ። ቀጥሎ ሳቁ መጣ። ማን እንደጀመረው አላውቅም፣ ጥበቃው መጥቶ «ምን ሆናችሁ?» እስኪለን ድረስ። እሷ እጇን ስታነሳ እኔ አላየሁም። እኔ ጎንበስ ስል እሷ አላየችም። ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የተኳረፍነው።

ስሟ አለሚቱ ነው። ዓሊያ ከፈተና መጥታ ሁለታችንንም ግራና ቀኝ ይዛ መንገድ አሻገረችን።

ጥቅምት 9

አለቀ። አልሐምዱሊላህ። አረንጓዴ ብርሃን ቶሎ ቶሎ ይተኩሳል፣ ጥቂት ወጋ ያደርጋል። አለሚቱ ቦርሳዬን ታቅፋ በር ላይ በኦሮምኛ ስትጸልይ ይሰማኛል።

«ቀዳዳው ተይዟል» አለኝ ሐኪሙ። «ሌላው ቦታም ስስ ስለሆነ በየዓመቱ በጠብታ ይታያል። ዝንቡ ከበዛ፣ ብልጭታው ከተመለሰ፣ ጥቁር ጥላ ከመጣ የዚያኑ ዕለት ይምጡ። ነገ አይበሉ።»

ወደ አለሚቱም ዞረ። «መነጽር ዓይን አያሰንፍም። ያድርጉት።»

«እሺ» አለች፣ እንደ ተማሪ። የተቆጣው እኔን ብቻ ባለመሆኑ ደስ አለኝ።

ጥቅምት 20

ብልጭታ የለም። አንዷ ዝንብ ግን ቀርታለች። ትለምጃታለሽ ብለውኛል። በቃ፣ ተከራይ ናት።

ኅዳር 3

ዓሊያም ተመረመረች። ሁለት ተኩል። ከእኔ ወረሰች… አዘንኩ። እሷ እቴ፣ መነጽር ቤቱ ውስጥ ፍሬም በፍሬም እየቀያየረች ፎቶ ትነሳለች። የዓይኗ ኋላ ደህና ነው አሉ። በየዓመቱ ሦስታችንም አብረን ልንሄድ ተስማማን። አባቴ ይሄን የሚነግረው ሰው ቢያገኝ ኖሮ…

ኅዳር 12

አዲሱ መነጽር ደረሰ። በሬ ላይ ቆምኩ። ሱቄ አቧራ ለብሷል ለካ። የባጃጁ ታርጋ ይነበባል። አለሚቱም ማዶ ወጣች፣ መነጽሯን አድርጋ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጎንበስ አልኩላት። እጇን አነሳችልኝ። አየኋት። የጥርሷ ፍንጭት ሳይቀር ታየኝ። ዓይኔ እንባ አቀረረና መነጽሩ ደበዘዘብኝ። በጣም ደስ ብሎኛል።

ኅዳር 25

ወፍጮ ቤቱ ጎን ፊርዶስ የምትባል ልጅ ፀጉር ቤት ከፍታለች። ትወጣለች፣ ትገባለች፣ ሰላምታ የለም። ድሮ ቢሆን እዚሁ «ኩሩ» ብዬ እጽፍባት ነበር። ዛሬ አለሚቱ መኪናውን አሳልፋ ተሻገረችና አብረን ገባን።

«ልጄ፣ ይሄ የኔ በር ቀለሙ ምንድን ነው?» አልኳት ወደ ውጭ እየጠቆምኩ።

«ሰማያዊ» አለች ደንግጣ።

«ማዶስ ምን ይላል?» አለሚቱ ናት።

«በርበሬና ሽሮ አለ ይላል… ምነው?»

ተያየን። እንደ ንስር ታያለች።

«ታዲያ ለምን ሰላም አትዪንም?» አልኩ።

አንገቷን ደፋች። «ሁለታችሁም በየበራችሁ ቆማችሁ፣ በዚያ ወፍራም መነጽር አፍጥጣችሁ ስታዩኝ… ፈራኋችሁ።»

አለሚቱ ወንበሩ ላይ ተዘርግታ ሳቀች። በዚያው ፀጉሯን ተሠራች።

ከነገ ጀምሮ መጀመሪያ ፈገግታ፣ ማፍጠጡ ከዚያ በኋላ።