ለፔዳሌ የቆረጥክልኝ ጣውላ

ታዴዬ፣ የኔ ባል፣

አንተን ልደታ ቀብረን ከተመለስን ይኸው ሁለተኛው ክረምት ገባ። ጣሪያው አሁንም በዚያው በራስጌያችን በኩል ያፈሳል። አብነት ሰፈር የነበረችውን የእንጨት ሥራ ቤትህን ቀበሌ ወስዶ የውይይት ክበብ አደረጋት። አንተ እንጨት ትልግባት የነበረችው ቤት አሁን ወሬ ይላግባታል። ደስ የሚል ነገር ቢኖረኝ እሱን አስቀድምልህ ነበር። የለም። አንጀቴ እንዳረረ ነው የምጽፍልህ።

ስፌት ፋብሪካ የገባሁ ሰሞን ትዝ ይልሃል? ግራ እግሬን ልጅ ሳለሁ በሽታ ወሰደብኝ፣ ቀኙም ያጥራል፣ የመኪናው ፔዳል ላይ አይደርስም። አንተ ከአልጋችን ራስጌ ጣውላ ቆርጠህ መጥተህ ፔዳሉ ላይ ቸነከርክልኝ። «እንግዲህ አልጋውም አካሉ ጎደለ፣ ሁላችንም ቤተሰብ ሆንን» ብለህ አሳቅኸኝ። ከዚያ ወዲህ በሥራዬ ማንም አፉን ከፍቶብኝ አያውቅም።

በቀደም ከውጭ እንግዶች ይመጣሉ ተባለ። ካድሬያችን ጓድ ደረጀ፣ ያ በየስብሰባው ስለ እኩልነት አረፋ እስኪደፍቅ የሚጮኸው፣ ጠዋት መጥቶ «ለዛሬ ስቶር ቆዪ፣ ክራንችሽ ለእይታ አይመችም» አይለኝም? ለእይታ! ከአቡጀዲ ጥቅል ጋር ቆለፈብኝ።

በቦታዬ አብራኝ የምትሠራውን ጎረቤታችንን አልማዝን አስቀመጠ። መለሎ መሆኗን ታውቃለህ። ፔዳሉ በጣውላህ ከፍ ብሏል፤ ጉልበቷ ጠረጴዛው ሥር ተቀረቀረና መኪናው ጋለበባት። እንግዶቹ አናቷ ላይ ቆመው እያዩ የወታደሩን ሱሪ ሁለት እግር አንድ ላይ ሰፍታ አረፈች።

አርብ ስብሰባ ላይ ጥፋተኛዋ ማን ሆነች? እኔ! ጣውላህ አሻጥር ነው ተባለ። «ሠራተኛ ሁሉ እኩል ነው፣ ፔዳሉም እኩል ይሁን። ግለ ሂስ አድርጊ» አለኝ ደረጀ። የኔን እግር ከአልማዝ እግር እኩል ያደረገው ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ጣውላው ከተነቀለ እንጀራዬ አለቀ፤ ይህን ያውቃል፣ አውቆ ነው። እንዴት ያስጠላል!

አንተ ብትኖር «ምላስሽን ሰብስቢ፣ ጊዜው ክፉ ነው» ትለኝ ነበር። አልሰበሰብኩም። ክራንቼን ተደግፌ ተነሳሁና «ጓድ፣ ይሄን ሱሪ የምንሰፋላቸው ልጆች እግራቸውን ግንባር ጥለው ሲመጡ እነሱንስ የቱ ስቶር ልትቆልፍባቸው ነው?» አልኩት። አዳራሹ ሁሉ ዞሮ ደረጀን አየው። ልጁን ያላዘመተ ማን አለና? ደረጀ ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ መፈክር እንኳ ሳያስጮኸን ስብሰባው አለቀ አለ።

በማግስቱ ስገባ ጣውላህ የለም፣ ተነቅሏል። የነሱ መልስ ይሄ ነው፤ ፊት ለፊት አይናገሩም፣ ዞር ስትል ይነቅላሉ። እንባዬ ሲመጣ አልማዝ ከነጠላዋ ሥር አወጣችውና «ከቁርጥራጭ ክምር ውስጥ ነው ያገኘሁት። አንቺ ደግሞ ለዚህ ታለቅሻለሽ? ሚስማር አቀብዪኝ» ብላ በጫማዋ ተረከዝ መልሳ ቸነከረችው። ሌሎቹ ደረጀ እንዳያየን ከበውን ቆሙ።

ታዴዬ፣ ነገ ደግሞ ይነቅለው ይሆናል። ይንቀለው። የአልጋችን ራስጌ ገና ብዙ ጣውላ ይወጣዋል፣ እየቆረጥኩ እቸነክራለሁ። እግሬ ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር አንተን አስባለሁ፤ አልጋው አልቆ መሬት የተኛሁ ዕለትም ቢሆን።

ምላሰኛዋ ሚስትህ